ውሃ በጣም ከፍተኛ ግፊት ሲያርፍበት ይታመቃል? የ11ኛ ክፍል ጥያቄ ነው

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ ያነሳችው ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። የምታውቁ እርዱኝ።

ስለ ፈሳሽ ነገሮች እየተማርን ነው። ሁለት ሲሪንጅ ይዤ ክፍል ገባሁ። በአንዱ አየር፣ በሌላው ውሃ። ተማሪዎቹ ጫፉን በአውራ ጣታቸው ደፍነው ይጫናሉ። አየር ያለበት እስከ ግማሽ ይገባል፤ ሲለቁት ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ውሃ ያለበት ንቅንቅ አይልም። ከክፍሉ ጉልበተኛ የሚባለው ልጅ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ተጫነው። ምንም የለም። መጽሐፉም ፈሳሽ እንደማይታመቅ አድርገን እንውሰድ ይላል። ሁሉም ተስማማ።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ድምፅ የሚሄደው ነገሩን እያመቀና እያላላ ነው ብለውናል። ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ ባሕር ውስጥ በድምፅ ይጠራራሉ። ውሃ ካልታመቀ ድምፁ በምን በኩል ያልፋል?»

ይህ ጥያቄ ተገቢ መልስ ይገባዋል። «በጣም ትንሽ ይታመቃል» ብሎ ማለፍ አይበቃትም፤ «ምን ያህል?» ትለኛለች። ስለዚህ የምፈልገው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣም ጭምር። ግፊቱ እየጨመረ ሲሄድስ ምን ይሆናል? ውቅያኖስ ታች ያለው ውሃ ላይ ካለው ይለያል? ግፊቱን ዝም ብለን ብንጨምር፣ ብንጨምር፣ የውሃው መጨረሻ ምንድን ነው? በሥራው ላይ ያላችሁ ሰዎች ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። እዚህ ላብራቶሪያችን ውስጥ ከሲሪንጅ የዘለለ ነገር የለም።

ጋራዥ ሰፈር

መምህር፣ በተግባር አይታመቅም ይበሏቸው። ክሪክ አይተዋል? አንድ ሰው በአንድ እጁ አይሱዙ ያነሳል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቢታመቅ ኖሮ እጀታው ይወርዳል እንጂ መኪናው አይነሳም ነበር። ፍሬንም እንደዚያው ነው። ፔዳሉ እየሰመጠ የሚያስቸግረው መስመሩ ውስጥ አየር ሲገባ ነው። አየሩን አስወጥተን ስንዘጋው እንደ ድሮው ቀጥ ይላል።

ጌጅ አንባቢ (ሻርጃ)

መምህር፣ ያቺን ልጅ «በርቺ» ይበሉልኝ። እሷ የጠየቀችው ነገር የእኔ የዕለት እንጀራ ነው።

የግፊት ሙከራ ላይ ነው የምሠራው። ሃይድሮ ቴስት እንለዋለን። አዲስ የተበየደ ቧንቧ ወይም ታንክ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውሃ ይሞላል። ከዚያ ከሚሠራበት ግፊት በላይ፣ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ፣ በፓምፕ ይጫናል። ብየዳው ድክመት ካለበት እዚያ ይለያል።

ስንሞላ ውሃው ከታች ይገባል፣ አየሩ ከላይ ባለው ቫልቭ ይወጣል። ቫልቩ መጀመሪያ ይተነፍሳል። ቀጥሎ ውሃና አየር እያደባለቀ ይተፋል። በመጨረሻ ጥርት ያለ ውሃ ሳይቆራረጥ ሲወርድ እንዘጋዋለን። በዚህ ሰዓት ታንኩ ጢም ብሏል። አንዲት ጠብታ የምትገባበት ቦታ የለም ትላላችሁ። ግን ፓምፑ ይነሳና ውሃ ማስገባቱን ይቀጥላል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ይወጣል፦ 20 ባር፣ 50 ባር፣ 100 ባር (አንድ ባር በባሕር ጠለል ላይ አየሩ የሚጫነን ግፊት ያህል ነው)። ፓምፑ የሚስብበት በርሜል ደግሞ ይጎድላል። በርሜሉ ላይ የሊትር ምልክት አለ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።

ታዲያ ያ ውሃ የት ገባ? ጥቂቱ ብረቱ ሲለጠጥ በተፈጠረው ቦታ ገብቷል። ግድግዳው ወፍራም በሆነ ዕቃ ላይ ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ውሃው ራሱ መጥበቡ ነው።

ቁጥሩ ይኸውልዎት። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ውሃ አንድ ባር በተጨመረ ቁጥር ከይዘቱ ከሚሊዮን 46 እጅ ያህል ይቀንሳል። 1,000 ሊትር የሚይዝ የብረት ታንክ ይውሰዱ። ግፊቱ 100 ባር ሲደርስ ውሃው ወደ 4.5 ሊትር ይጠብባል። ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ግን 4.5 ሊትር በባልዲ ተቀድቶ የሚታይ ውሃ ነው።

የእርስዎ ሲሪንጅ 20 ሚሊ ሊትር ቢይዝና ልጁ ተጭኖ 5 ባር ቢፈጥር፣ ውሃው የሚጠበው በ0.005 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የአንድ ጠብታ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ዓይን አያየውም። ከውሃው በፊት የሲሪንጁ ጎማ ራሱ ይጨመቃል።

ጋራዥ ሰፈር ወንድሜ፣ ስለ ፍሬኑ አየር ያልከው ልክ ነው። የክሪክ ዘይት ግን ከውሃም የበለጠ ይታመቃል። መኪናው የሚነሳው ዘይቱ የሚታመቀው መጠን ከፒስተኑ ጉዞ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው።

ረጅም የነዳጅ ቧንቧ ስንሞክር ይህ ቁጥር ዳኛችን ነው። ስንት ሊትር ገብቶ ስንት ባር መውጣት እንዳለበት አስቀድመን እናሰላለን። የውሃው መታመቅና የብረቱ መለጠጥ ተደምሮ። ከዚያ የገባውን ውሃና የወጣውን ግፊት ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እናስቀምጣለን። ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ከሆነ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። መጀመሪያ ላይ መስመሩ ከተኛ፣ ማለትም ብዙ ሊትር እየገባ ጌጁ እምቢ ካለ፣ የሆነ ቦታ አየር ቀርቷል። ይከፈታል፣ እንደገና ይሞላል። መጨረሻ ላይ መስመሩ ከጎበጠ ደግሞ ብረቱ ከአቅሙ በላይ እየተለጠጠ ነው። ፓምፑ ወዲያው ይቆማል። ውሃ ፍጹም የማይታመቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ወረቀት አናነበውም ነበር።

አሁን ወደ ድምፁ። የልጅቷን ሐሳብ ሁለት ሰዎች ወደ ሙከራ ቀይረውታል። የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ ስለ ፈሳሾች መታመቅ ውድድር አውጥቶ ነበር። ዣን ዳንኤል ኮላዶን የሚባል የጄኔቫ ሰውና የሒሳብ ሰው የሆነው ጓደኛው ሻርል ስቱርም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1826 ኮላዶን ጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሌሊት ሁለት ጀልባ አሰማራ። ከአንዱ ጀልባ ደወል ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ደወሉ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ከላይ ባሩድ ይቀጣጠላል። ኮላዶን ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሌላው ጀልባ ላይ ነው። ጆሮውን ታችኛው ጫፉ ውሃ ውስጥ በገባ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ ላይ ደግኖ ይጠብቃል። ብልጭታውን ሲያይ ሰዓቱን ያስነሳል፤ ደወሉን ሲሰማ ያቆማል። ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ውሃው 8 ዲግሪ ነበር። የድምፁን ፍጥነት በሰከንድ 1,435 ሜትር አሉት። ዛሬ ባለ ብዙ ሺህ ዶላር መሣሪያ ቢለካ ከዚህ የሚለየው በጥቂት ሜትር ነው። ቱቦና ሰዓት ይዘው! ሁለቱም በዚህ ሥራቸው ሽልማቱን ወሰዱ።

ቀመሩ ለ11ኛ ክፍል አይከብድም። የድምፁን ፍጥነት በራሱ ያባዙ፤ ከዚያ በውሃው እፍጋት ያባዙት። 1,435 × 1,435 × 1,000። ወደ 2.06 ቢሊዮን ፓስካል ይመጣል። በልክ ሞዱለስ የሚባለው ይህ ነው። የውሃውን ይዘት በአንድ በመቶ ለመቀነስ የዚህ አንድ መቶኛ፣ ማለትም 200 ባር ያህል ግፊት ያስፈልጋል (አንድ ባር 100,000 ፓስካል ነው)። ውሃው 20 ዲግሪ ሲሆን 2.2 ቢሊዮን አካባቢ ነው።

ለልጅቷ እንግዲህ እንዲህ ይበሏት። ድምፅ የሚያልፈው ውሃ ስለሚታመቅ ነው። ለመታመቅ ስለሚያስቸግር ደግሞ ከአየር ውስጥ ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ፍጹም የማይታመቅ ቢሆን ድምፁ ምንም ጊዜ ሳይወስድ በዚያው ቅጽበት ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የለም።

መምህሩ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማባዛቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ። በርሜሉ ላይ ያለው የሊትር ምልክት ግን ከቀመሩ በላይ ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። በውሃ መሙላት፣ አየሩን ማስወጣት፣ መልሶ ማድረቅ ይህን ያህል ጣጣ ካለው ለምን በአየር አትሞክሩም? ሌላው በጣም ከፍተኛ የሚባለው ግፊት ነው። 100 ባር ላይ ግማሽ በመቶ ገደማ ከሆነ፣ 10,000 ባር ላይ 50 በመቶ ሊሆን ነው? ግማሹ ውሃ ጠፋ ማለት ነው። ይህ አልዋጥልህ አለኝ።

የምግብ ኢንጂነሯ (ኔዘርላንድስ)

መምህር፣ ሁለተኛውን እኔ ልሞክር። ያልተዋጠልዎት በትክክል ነው።

እኔ የምሠራው ምግብ በግፊት ብቻ እንዳይበላሽ በሚደረግበት ማሽን ላይ ነው። ጭማቂ፣ የተከተፈ ሥጋ፣ የተፈጨ አቮካዶ ከነማሸጊያው ውሃ ወዳለበት ወፍራም የብረት ክፍል ይገባል። ክፍሉ እንዳይፈነዳ ዙሪያውን በብረት ሽቦ ድርብርብ አድርገው ጠቅልለውታል። ከዚያ ግፊቱ እስከ 6,000 ባር ይወጣል። ባክቴሪያው ይሞታል፣ ጣዕሙ ይቆያል። የባክቴሪያ ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ መልኩ) ግን ይህን ግፊት ይቋቋማል። ስለዚህ ምግቡ ከማሽኑ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ማቀዝቀዣ ነው።

በ6,000 ባር ውሃ በ15 በመቶ ገደማ ይጠብባል። 100 ሊትር በሚይዝ ክፍል ውስጥ ፓምፖቹ ከ15 ሊትር በላይ ተጨማሪ ውሃ ያስገባሉ። የጭማቂው ጠርሙስ ፕላስቲክ ነው። ግፊቱ ላይ ሳለ አብሮ ይጠብባል፣ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጭማቂው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ውስጡና ውጪው እኩል ይጠብባሉ፤ ጠርሙሱ የሚሰበርበት ምክንያት የለውም። ዳቦ ብናስገባ ግን ጠፍጥፎ ያወጣዋል። በውስጡ ያለው አየር ነዋ።

ውሃው ሲጫን ይሞቃልም። በየ1,000 ባሩ 3 ዲግሪ ገደማ። 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ ውሃ ከላይ ሲደርስ ወደ 38 ይጠጋል። ግፊቱ ሲለቀቅ ወዲያው ይመለሳል። ስክሪኑ ላይ የሙቀቱ መስመር ከግፊቱ መስመር ጋር አብሮ ሲወጣና አብሮ ሲወርድ ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም።

ወንድማችን የሰጠውን ከሚሊዮን 46 እጅ በ6,000 ቢያባዙት ከ27 በመቶ በላይ ይወጣል። በእውነቱ ግን 15 ነው። ምክንያቱም ውሃ እየተጫነ ሲሄድ እየጠነከረ ይሄዳል። የውሃ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው የተከመሩ አይደሉም። በሃይድሮጅን ቦንድ (አንዱን የውሃ ሞለኪውል ከጎረቤቱ በሚያይዘው ደካማ ስበት) ሲያያዙ መካከላቸው ብዙ ክፍት ቦታ ይቀራል። ግፊት መጀመሪያ የሚወስደው ይህን ክፍት ቦታ ነው። እሱ እያለቀ ሲሄድ ሞለኪውልን በሞለኪውል ላይ መግፋት ይቀራል፤ ያ ደግሞ ይከብዳል። 10,000 ባር ሲደርስ የውሃው ጥንካሬ መጀመሪያ ከነበረው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። እዚያ ላይ ያለው አጠቃላይ መጥበብ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። 50 አይደርስም።

ይህ ክፍት ቦታ ሌላም ጉድ አለው። ጆን ካንተን ለንደን ውስጥ እንደ እርስዎ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1762 ውሃ እንደሚታመቅ በሙከራ አሳየ። ከእሱ በፊት ይጠቀስ የነበረው የፍሎረንስ ሰዎች ሙከራ ነው። ውሃ የሞላ የብር ኳስ በመዶሻ ቢመቱ ውሃው በብረቱ በኩል እንደ ላብ ወጣ። ከዚያ በኋላ ውሃ አይታመቅም የሚለው ነገር አንድ መቶ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። ካንተን መታመቁን ብቻ አይደለም ያሳየው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ እንደሚታመቅም ለካ። ሌሎች ፈሳሾች የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ሲሞቁ ነው ይበልጥ የሚታመቁት። ውሃ ግን ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት ሲሄድ እየጠነከረ ይመጣና 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ላይ ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው እንደ ሌሎቹ መላላት የሚጀምረው።

አሁን «ብንጨምር፣ ብንጨምር» ወዳሉት። በክፍል ሙቀት ግፊቱ ወደ 10,000 ባር ሲጠጋ ውሃው ይረጋል። ሳይቀዘቅዝ በረዶ ይሆናል። እኛ ፍሪጅ ውስጥ የምናውቀው በረዶ አይደለም። ሞለኪውሎቹ በሌላ አደራደር ተጠጋግተው ስለሚቀመጡ ከውሃ ይከብዳል፤ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። በረዶ ስድስት ይሉታል። ከ20,000 ባር ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ይበልጥ የታመቀው በረዶ ሰባት ይመጣል።

በየትኛው ግፊት የትኛው በረዶ እንደሚመጣ የሚያሳየውን ካርታ ትልቁን ክፍል የሠራው የሃርቫርዱ ፐርሲ ብሪጅማን ነው። ከእሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች ያስቸገራቸው ማሸጊያው ነው። ግፊቱ ሲጨምር ያፈሳል። ብሪጅማን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ራሱ ይበልጥ የሚጠብቅ ማሸጊያ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ገደቡ ማሸጊያው መሆኑ ቀረና የብረቱ ጥንካሬ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1912 የፈሳሹን ውሃና የአምስት ዓይነት በረዶዎችን መለኪያ አወጣ። በ1946 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። እኔ የምሠራበት ማሽን የእሱ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በረዶ ሰባት ደግሞ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከደቡባዊ አፍሪካና ከቻይና በወጡ አልማዞች ውስጥ ተገኘ። አልማዙ መሬት ሆድ ውስጥ ሲሠራ ጥቂት ውሃ ታሽጎበት ቀርቷል። አልማዝ ስለማይለጠጥ ግፊቱን እንደያዘ ወደ ላይ ወጣ። ቀለበት ላይ በሚደረግ ድንጋይ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ባር ተዘግቶ ተቀምጧል!

ውቅያኖስ ከዚህ ሁሉ አንጻር ለዘብ ያለ ነው። ፓስፊክ ውስጥ ማሪያና ትሬንች የሚባለው በጣም ጥልቁ ቦታ ወደ 11,000 ሜትር ይጠጋል። ግፊቱ 1,100 ባር ገደማ ነው። እዚያ ያለው ውሃ ከላይኛው ከ4 እስከ 5 በመቶ ይከብዳል። የባሕር ውሃ ላይ ላዩን በሜትር ኩብ 1,025 ኪሎ ገደማ ነው፤ እዚያ ታች 1,070 አካባቢ ይሆናል። ይህ መታመቅ ባይኖር የዓለም ባሕር ሁሉ ከ30 ሜትር በላይ ከፍ ይል ነበር። ምጽዋና ጅቡቲ ከተማ ውሃ ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በምትባል ጥልቅ ባሕር ጠላቂ ዕቃ ወደ ማሪያና ትሬንች ወርደዋል። እንድትንሳፈፍ የተሞላላት አየር አይደለም፤ አየር እዚያ ታች ምንም አይተርፈውም። 85,000 ሊትር ገደማ ቤንዚን ነው የያዘችው። ታንኩ ከታች ለባሕሩ ክፍት ስለነበር ግፊቱ ከውስጥም ከውጭም እኩል ነው። ቤንዚን ግን ከውሃ ይበልጥ ይታመቃል። ስለዚህ በወረደች ቁጥር ባሕሩ ከታች እየገባ ትከብድ ነበር። ለመውጣት ብዙ ቶን የብረት ፍርፋሪ መጣል ነበረባት። የውሃና የቤንዚን መታመቅ ልዩነት የሁለት ሰው ነፍስ ጉዳይ የሆነበት ቀን ነው።

ጋራዥ ሰፈር

እህታችን፣ የበረዶውን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ። ይህን ሁሉ ሳነብ ህዳሴ ግድብ ትዝ አለኝ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ራሱ በራሱ ላይ ተጭኖ ስንት ይጠብባል?

ደግሞ መምህር የጠየቁት የአየር ነገር ሳይመለስ ቀረ። እኛ ጋር የኮምፕረሰር ታንክ ተበይዶ ሲመጣ አየር ሞልተን የሳሙና ውሃ እንቀባዋለን። አረፋ ካላወጣ ጥሩ ነው። ምን ችግር አለው?

ጌጅ አንባቢ (ሻርጃ)

ወንድሜ፣ ችግር አለው። ሁለተኛውን ረጋ ብለህ አንብብልኝ። ግድቡን ቶሎ ልጨርሰው።

74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በ1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲተኛ አማካይ ጥልቀቱ 40 ሜትር ገደማ ይሆናል። ላይኛው ውሃ ምንም አይጫነውም፣ ታችኛው ብዙ ይጫነዋል። በአማካይ 2 ባር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ብትል ከሚሊዮን 100 እጅ ያህል መታመቅ ነው። ከ74 ቢሊዮኑ 7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው። ከጠቅላላው ሲታይ ኢምንት ነው። ለብቻው ስትወስደው 7 ቢሊዮን ሊትር ነው።

አሁን አየሩ። ቅድም ያልኩትን የ1,000 ሊትር ታንክ ውሰድ። 100 ባር ላይ ነው። ውሃው 4.5 ሊትር ጠቧል። ግፊቱ ከዜሮ ተነስቶ እስከ 100 ስለወጣ በአማካይ 50 ባር እንበል። 50 ባር በ4.5 ሊትር ስታባዛ 22,500 ጁል ይመጣል (አንድ ባር በአንድ ሊትር ሲባዛ 100 ጁል ነው)። 100 ኪሎ የሚመዝን ነገር 23 ሜትር ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት ነው። ታንኩ ቢሰነጠቅ የሚለቀቀው ይህ ነው፤ ብረቱ ራሱ ከያዘው ጥቂት ጋር። መምህር፣ ይህን ስሌት ለክፍል ይስጡት።

ያንኑ ታንክ በ100 ባር አየር ሙላው። አየር ሲለቀቅ መቶ እጥፍ ልስፋ ነው የሚለው። የታመቀበት ጉልበት 18 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። አራት ኪሎ ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ ማለት ነው። ከውሃው ጋር ያለው ልዩነት 800 እጥፍ ነው። ታንኩ አንድ ነው፣ ግፊቱ አንድ ነው፣ ጌጁ የሚያሳየው ቁጥር አንድ ነው። ጌጁን ብቻ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

አንድ ሥራ ቦታ ላይ ቸኩለው ቧንቧ በአየር ሞከሩ። ውሃ ማምጣትና መልሶ ማድረቅ ቀን ይፈጃል ተባለ። ጫፉ ላይ የተበየደው ክዳን ተነቅሎ የቆርቆሮውን አጥር በስቶ ወጣ። ምሳ ሰዓት ስለነበር በዚያ በኩል ሰው አልነበረም። ክዳኑን ያገኘነው አጥሩን አልፎ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነው። በውሃ ስንሞክር ብየዳ ሲሰነጠቅም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። «ጧ!» ይላል፣ ጌጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ መሬቱ ይረጥባል። በቃ። ውሃው ትንሽ ከመስፋቱ ግፊቱ አልቋል።

ይህ ማለት በውሃ ሲሞከር አጠገቡ ይቆማል ማለት አይደለም። 100 ባር ላይ በስንጥቅ የሚወጣ ቀጭን ውሃ ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃ የሚያፈስሰውን ቦታ በእጅህ አትዳስስ። አየር ሳይወጣ ከቀረ ደግሞ ያ አየር ተጭኖ እዚያው ይጠብቅሃል። ከላይ ያለው ቫልቭ ጥርት ያለ ውሃ እስኪሰጥ አትቸኩል የምለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የኮምፕረሰሩን ታንክ እንዲህ አድርገው። መጀመሪያ ከታች ያለውን የዝገት ውሃ አፍስስ። ብዙ ጊዜ የሚበላው እዚያው ታችኛው ሆዱ ላይ ነው፤ ከውጭ ቀለሙ አያሳይህም። ከዚያ ጢም አድርገህ ውሃ ሙላ፣ አየሩን ከላይ አስወጣ፣ በእጅ ፓምፕ ቀስ እያልክ ጫን። የሚሠራበት 10 ባር ከሆነ 15 ድረስ ውሰደው። ፓምፑን ገፋ ባደረግከው ቁጥር ጌጁ ቶሎ ቶሎ መዝለል አለበት። ብዙ ገፍተህ ጌጁ ከተንቀራፈፈ ወይ አየር አለ ወይ ያፈስሳል። ግፊቱን ያዝ አድርገህ ብየዳውን በዓይንህ ዙር። የሳሙናው ነገር አይከለከልም፤ በውሃ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ባር እንኳ በማይሞላ አየር ትንንሽ ቀዳዳ ለመፈለግ ይሆናል።

ሙከራውን ጥላ ውስጥ አድርገው። ውሃ ሞልቶ የተዘጋ ዕቃ ፀሐይ ሲያገኘው ግፊቱ በራሱ ይወጣል። ውሃው ሲሞቅ መስፋት ይፈልጋል፣ ቦታ የለውም፣ ለመታመቅም ያስቸግራል። 30 ዲግሪ አካባቢ ላይ፣ ብረቱ በግፊቱ ባይለጠጥ፣ ለአንድ ዲግሪ ሙቀት 6 ባር ያህል ይጨምራል። ብረቱ ስለሚለጠጥ በተግባር ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ለአንተ 15 ባር ቀላል አይደለም። እዚህ በበጋ የተጫነ ቧንቧ ጥለን ምሳ አንሄድም። አንድ ሰው ጌጁ ሥር ይቀመጣል። ሲወጣ ካየ ቫልቩን ነካ አድርጎ ጥቂት ጠብታ ይለቅቃል፣ ግፊቱም ወዲያው ይወርዳል።

ጌጁን ስትገዛ ደግሞ የሙከራው ግፊት መሃሉ አካባቢ የሚውልበትን ምረጥ። ለ15 ባር ባለ 30 ባሩ ይሻልሃል። ባለ 100 ባሩ ላይ መርፌው ገና ታች ሆኖ የሁለት ባር መውረድ አታይበትም።